ካርታ ላይ ያወጣሁት ቦኖ

ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጥከው ቁራጭ ቱቦ ጭቃው ገና አልደረቀም ነበር። እስካቫተሩ ለመንገዱ ሲቆፍር ከታችኛው ሰፈር እንዳወጣው ነገርከኝና «ይሄ መስመር የቢሯችን ካርታ ላይ አለ ወይ?» ብለህ ጠየቅከኝ። እኔ ግን ጥያቄህን በቅጡ አልሰማሁትም፤ ሽታው ቀድሞኝ ገብቶ ነበር። የዛገ ብረትና የረጠበ አፈር ሽታ፣ ከስሩ ደግሞ ትንሽ የተልባ ዘይት። ዘይቱን ምናልባት ራሴ ሳልጨምርበት አልቀረሁም፤ ከሃያ ዓመት በላይ አፈር ውስጥ የኖረ ቱቦ ዘይት አይሸትም። ክው ብዬ ስቀር አይተህ ውሃ ልታመጣልኝ ተነሣህ። ተቀመጥ፣ ልንገርህ። አዎ፣ ካርታው ላይ አለ። ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከሙያ ትምህርት ቤት በንድፍ ሥራ ተመርቄ፣ የክፍሌ አንደኛ መሆኔን ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም እየነገርኩ፣ አሰላ ውስጥ ሥራ እፈልግ ነበር። አንድ የውሃ ፕሮጀክት ለጥቂት ወራት ቀጠረኝ። ሥራው በከተማውና በዙሪያው የተቀበሩትን አሮጌ የውሃ መስመሮች፣ በነሱ ይሠሩ የነበሩትንም የጠፉ ወፍጮዎችና ፋብሪካዎች እየፈለጉ ካርታ ላይ ማውጣት ነበር። ድሮ ካርታ ነበረ ይባላል፤ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ጠፋ። የቀረው ካርታ አንድ ሽማግሌ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ብቻ ነበር። ሰው ሁሉ ውሃ ከፋቹ ይላቸዋል።

ውሃ ከፋቹ የአገሩ ተወላጅ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ቫልቭ ሲከፍቱና ሲዘጉ ኖረው ጡረታ የወጡ ረጅም ቀጭን ሰው ነበሩ። ከላይ ጋቢ፣ ከታች የፕላስቲክ ቦቲ ጫማ። ማንበብ አይችሉም። ከአዲስ አበባ የመጣው ወጣት አለቃችን፣ ኢንጂነሩ፣ በመጀመሪያው ቀን ሲያስተዋውቀን ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና እጄ ላይ ያለችውን እርሳስ በአገጫቸው እያሳዩ «በዚህች ነው የጭላሎን ተራራ የምትሸከሚው?» አሉኝ። ኢንጂነሩ ሳቀ፣ እኔ አፈርኩ። ከዚያ ቀን ወዲያ ስሜን ጠርተውት አያውቁም። «ኢንተላ» ነበር የሚሉኝ፣ በኦሮምኛ ልጅት ማለታቸው ነው። እኔም አባባ እላቸው ነበር።

ጠዋት ጠዋት እንወጣለን። የአሰላን የጠዋት ብርድ ታውቀዋለህ፤ ጣቶቼ እርሳስ ለመያዝ እንቢ ይሉ ነበር። ጉሙ ሲገለጥ ከታች፣ በጣም ርቆ፣ የዝዋይ ሐይቅ ብልጭ ይላል። እሳቸው አንድ የብረት ዘንግ ይዘው ይቀድማሉ። ቦታው ሲደርሱ እጃቸውን ያነሣሉ፤ ጋሪው እስኪያልፍ፣ የአጥሩ ውሻ መጮህ እስኪደክመው ዝም ብለን እንቆማለን። ከዚያ ዘንጉን መሬት ላይ ተክለው ጫፉን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ውሃ ካለ ይሰማቸዋል።

አንድ ቀን ዘንጉን ለኔ ሰጡኝና ስሚ አሉኝ። መጀመሪያ የሰማሁት የራሴን ልብ ብቻ ነበር። ቆይቶ ግን ከስሩ ቀጭን፣ የማያቋርጥ ጉርምርምታ መጣ። ስንት ዓመት በላዩ ስመላለስበት የኖርኩት መሬት ውስጥ ይህ ሁሉ ሲሄድ እንደነበር ሲገባኝ ደንግጬ ዘንጉን ለቀቅኩት። ሳቁብኝ። ውሃ አይነክስም አሉ።

የዚያ ሰሞን ሥራ ሁሉ ድንጋጤ ነበር። ለምሳሌ የውሃ ወፍጮው። ከወንዙ በላይ ባለው ቁልቁለት ግማሽ ቀን ፈለግን፤ እኔ ቤት፣ ግድግዳ፣ የሆነ ፍርስራሽ ነበር የምጠብቀው። ደክሞኝ «አባባ፣ ወፍጮው የቱ ጋ ነው?» ስላቸው «ረግጠሽው ቆመሻል» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከጫማዬ ስር ክብ ድንጋይ አለ፣ መሐሉ ላይ ቀዳዳ። ወፍጮው ሲፈርስ ድንጋዩን ራሳቸው አንከባልለው አምጥተው የቫልቭ ጉድጓድ መክደኛ አድርገውታል። ወደ ወፍጮው ውሃ ይወስድ የነበረው ቦይ ደግሞ ተማሪዎች የሚመላለሱበት መንገድ ሆኗል። እኔም ከነሱ አንዷ ነበርኩ፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ቦይ ውስጥ እየሄድኩ ተምሬያለሁ።

ጣውላ መሰንጠቂያውም እንደዚሁ። አንድ ግቢ ጥግ ላይ አፈሩን በቦቲያቸው ተረከዝ ሁለቴ ሲጭሩት ከጥቁሩ አፈር ስር ቡኒ ሰጋቱራ ወጣ። ዘግነው አፍንጫዬ ስር አደረጉልኝ። ዝግባ ይሸታል። ዛፉም፣ መጋዙም፣ ሠራተኛውም ካለፉ በኋላ ሽታው እዚያው ቁጭ ብሎ ነበር። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ሀገር የሚጠፋው በጦርነት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ሰው ዝም ብሎ እየኖረበት እንደሚጠፋ ያየሁት ያኔ ነው።

ከሁሉም በኋላ ዘይት መጭመቂያው ጋ ደረስን። አርሲ ተልባና ጎመንዘር ሲያመርት ከዴራ መንገድ፣ ከበቆጂም ጭምር ጆንያ የሚጫንበት ጊዜ ነበር አሉኝ። ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው ፋጉሎ ሲወጣ ላሞች ከሩቅ ሸትቷቸው ገመድ ይበጥሱ ነበር። አሁን የቀረው አራት ብሎን ያለበት ሲሚንቶና አንድ ግድግዳ ነው። ከላይ ከምንጩ የሚመጣው ቱቦ ወደዚያ ግድግዳ ይገባል። መስመሩን ለካሁ፣ ጻፍኩ። ቱቦው ከግድግዳው ወዲያ ወዴት እንደሚሄድ ስጠይቃቸው ሰማዩን አዩ፣ የስግደት ሰዓታቸው መድረሱን ነገሩኝና ሰገዱ። ከዚያ ተነሥተው «ርቦሻል፣ ነዪ» ብለው ቁልቁል ይዘውኝ ወረዱ።

ከታች አንድ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነበር፣ በክፍል በክፍል የተከፈለ። ካምፕ ይሉታል። የመጭመቂያውና የመሰንጠቂያው ሠራተኞች የሚኖሩበት ነበር፤ ሥራው ሲዘጋ መሄጃ ያልነበራቸው እዚያው ቀሩ። መሐሉ ላይ አንድ ቦኖ አለ፣ ቧንቧው ውርጭ እንዳይሰነጥቀው በአሮጌ ጨርቅ የተጠቀለለ። ሴቶች ጀሪካን ይቀዳሉ፣ ልጆች ይታጠባሉ፣ አንዱ ጥግ ላይ ሽንኩርትና ጎመን ተተክሏል። ስናይ ከቆየን በኋላ አንዲት ጠና ያለች ሴት መጥታ ወደ ቤቷ አስገባችን። ድሮ መጭመቂያው ውስጥ ተልባ አበጣሪ ነበረች።

ጩኮ አቀረበችልን፣ በቅቤ ያበደ የገብስ ዱቄት። እጄን ዘርግቼ ሳለሁ ቀኑ ረቡዕ መሆኑ ትዝ አለኝ። ምን እንደምላት ስጨነቅ እሷ ቀድማ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አየች። አንዲት ቃል ሳትናገር ሳህኑን ወደ ሽማግሌው ገፋችው፣ ተነሥታ ከቦኖው ውሃ ቀዳችና በሶ በጠበጠችልኝ። በወሬያቸው መሐል አንዴ እንኳ ዞር ብላ አላየችኝም፣ እንዳላፍር ብላ ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ የጣመኝ በሶ የለም።

ስንመለስ ዳገቱ ላይ ነገሩኝ። መጭመቂያው ሲዘጋ መስመሩን ዝጋ የሚል ትእዛዝ መጣላቸው። ዘጉት። በሳምንቱ የካምፑን ሴቶች ከወንዙ እንስራ ተሸክመው ያንን ዳገት ሲወጡ አዩ። ከዚያ ወዲያ ከፈረሰው መጭመቂያ የወጣውን ቱቦ ሰብስበው፣ ካምፑ ያሉት ወንዶች እየቆፈሩላቸው፣ ከግድግዳው ስር ቀጥለው ውሃውን አወረዱት። ለማንም አልተናገሩም። «እንጀራቸው ሄደ፤ ውሃውም ይሂድባቸው?» አሉኝ። ከዚያ ቆም ብለው ወረቀት የያዝኩበትን ማኅደር በዘንጉ ጫፍ ነካ አደረጉት። «ይቺን ዺሲ። ተያት። ካርታሽ ውስጥ አትግባ።»

እሺ አባባ አልኳቸው። እሺ ማለቴን ዛሬም በጆሮዬ እሰማዋለሁ።

አሁን እንግዲህ እናንተ ኮምፒውተር ላይ ስለምትሠሩ አይገባህ ይሆናል። እኛ በትሬሲንግ ወረቀት ላይ በቀለም ነበር የምንሥለው። የትምህርት ቤት መምህራችን ደግሞ አንድ ነገር ሲያስተምረን ጠረጴዛ እየመታ ነበር፦ መስመር ተንጠልጥሎ አይቀርም። ወይ ቫልቭ፣ ወይ መድፈኛ፣ ወይ ቧንቧ፤ ማለቂያ የሌለው መስመር የሠሪውን ስንፍና ነው የሚያሳየው። እንዲያ ያለ ንድፍ ይዞ የመጣ ተማሪ ወረቀቱ በፊቱ ይቀደድበት ነበር። እኔ አንድም ቀን ተቀዶብኝ አያውቅም።

ካርታው ሊያልቅ አንድ መስመር ቀረኝ። ምንጩን፣ ማጠራቀሚያውን፣ ወፍጮውን፣ መሰንጠቂያውን ሁሉ አስቀምጬ የመጭመቂያው ግድግዳ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። መስመሩ ተንጠልጥሏል። ሁለት ቀን ሌላ ሌላውን እያሳመርኩ ሸሸሁት። የሰሜን ቀስቱን ሦስት ጊዜ ሣልኩ። በመጨረሻ ራሴን እንዲህ ብዬ አሳመንኩ፦ ፕሮጀክቱ እኮ የመጣው አሮጌ ቱቦ ሊቀይር ነው፤ ካምፑ ካርታ ላይ ከወጣ አዲስ ቱቦ ይደርሰዋል፤ ሽማግሌው ይህን አያውቁም፤ የፊደል ሰው አይደሉም። አየህ፣ ንቀት ነበረበት። ብዕሬን አንሥቼ ከግድግዳው ስር ነጠብጣብ መስመር አወረድኩና ጫፉ ላይ ትንሽ ክብ ሠራሁ። በጎኗም በሚያምር ጽሑፌ «ቦኖ» ብዬ ጻፍኩባት።

ኢንጂነሩ ካርታውን ሲያይ ጣቱ እዚያች ክብ ላይ ቆመ። ይህን መስመር ማን ያውቅ ነበር አለ፤ ትከሻዬን መታ አድርጎ አመሰገነኝ። የዚያኑ ዕለት የብሉፕሪንት ቅጂ ተነሥቶ ወደሚመለከተው ሁሉ ተላከ። እኔም ወደ ቤቴ ስሄድ እግሬ መሬት አልነካም።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ አንድ ሰኞ ጠዋት ኢንጂነሩ ጠራኝና ከሁለት ቧንቧ ሠራተኞች ጋር ሄደሽ የካምፑን ቅጥያ አሳዪአቸው አለኝ። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ መኪናው ውስጥ ገብቼ ስንጓዝ ከደስታዬ የተነሣ ሠራተኞቹን በወሬ አደከምኳቸው። ያቺ በሶ የበጠበጠችልኝ ሴት አዲሱን ቱቦ ስታይ ምን እንደምትል እያሰብኩ ነበር። ግድግዳው ጋ ደርሰን ቦታውን በእግሬ አሳየኋቸው። ቆፈሩ። ቱቦው ወጣ። አንደኛው መጋዝ አውጥቶ ይቆርጥ ጀመር። ውሃው ፊን ብሎ ሱሪውን አራሰው፣ ተሳደበ፣ ሌላኛው ወደ ላይ ሄዶ ቫልቩን ዘጋ። ከዚያ መድፈኛ አጠበቁበትና አፈሩን መመለስ ጀመሩ።

አዲሱ ቱቦ የት አለ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የምን አዲስ?» አለኝ መጋዝ የያዘው፣ ቀና እንኳ ሳይል። «ያልተመዘገበ መስመር ነው፣ ዝጉ ተብለን ነው የመጣነው።» ከኪሱ የሥራ ትእዛዙን አውጥቶ ሰጠኝ። ከጀርባው የካርታዬ ቅጂ ተያይዟል። «ቦኖ» ብዬ የጻፍኩባት ክብ በቀይ እስክሪብቶ ተከባለች።

ወረቀቱን መለስኩለት። ዞር ብዬ ወደ ታች አየሁ። ከዚያ ከፍታ ካምፑ በደንብ ይታያል። ሁለት ሴቶች ቦኖው ጋ ቆመዋል። አንዷ ቧንቧውን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ደግማ ከፈተች። ከዚያ ጎንበስ ብላ አፉን ከስር አየችው። ሌላዋ ጨርቁን ፈታችው። ከዚያ ሁለቱም ቀና ብለው ወደኛ አዩ። ከቆሙበት አልተነቃነቁም፤ ሠራተኞቹ አካፋቸውን ጭነው መኪናው እስኪነሣ ድረስ።

በማግሥቱ ውሃ ከፋቹ ቢሮ ተጠሩ። እኔ ጥግ ላይ ከንድፍ ጠረጴዛዬ ጋ ቆሜያለሁ። ኢንጂነሩ በአክብሮት ነበር ያናገራቸው፣ እርስዎ እያለ፤ መስመሩን የቀጠለው ማን እንደሆነ ጠየቃቸው። እኔ ነኝ አሉ። ማን አብሯቸው እንደቆፈረ ሲጠይቃቸው ብቻዬን አሉ። ያንን ሁሉ ቱቦ ብቻዎን ነው የቀበሩት ሲላቸው ያኔ ጉልበት ነበረኝ አሉት። እኔ ስሜን እስኪጠሩ ነበር የምጠብቀው። አደራ ብያት ካደችኝ፣ ቤታቸው ገብታ በልታ አስያዘቻቸው እስኪሉ። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

እሳቸው ግን ጠረጴዛው ላይ ወደተዘረጋው ካርታ ተጠጉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር የሚያዩት። ጣታቸውን አንሥተው በአየር ላይ ተከተሉት፣ ሳይነኩት፣ ከምንጩ እየወረዱ። ወደኔ ዞሩና ካምፑ የቱ እንደሆነ ጠየቁኝ። መጥቼ አሳየኋቸው። ነጠብጣቡን መስመር ትኩር ብለው አዩት።

«ይህን ያህል ቀጭን ነው?» አሉ።

አባባ ብዬ ጀመርኩ። ትንሽ ጠበቁኝና ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «አልዋሸሽም፣ ኢንተላ» አሉኝ። «ያለውን ነው የሣልሽው።» ኢንጂነሩን ሰላም ብለው ወጡ። ቢያዋርዱኝ ኖሮ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር፤ ይህቺ ቃላቸው ግን አልወጣችልኝም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እኔ የወጋሁት ነኝ፣ እኔም አልረሳሁም።

ያን ቀን ሰው ሁሉ ምሳ ሲወጣ ምላጭ አነሣሁና ከዋናው ወረቀት ላይ ነጠብጣቡን መፋቅ ጀመርኩ። በትሬሲንግ ላይ ቀለም የሚጠፋው እንደዚያ ነው፣ በቀስታ እየፋቁ። ጠፋ። «ቦኖ» የሚለውም ጠፋ። ግን ቅጂው በየቢሮው ደርሷል፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ኢንጂነሩንም ለምኜዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ። መጥፎ ሰው አልነበረም። ካምፑ በከተማው ፕላን ውስጥ እንደሌለና በሌለ ቦታ ውሃ ማስገባት እንደማይችል ነገረኝ። ሰዎቹ አሉ እኮ አልኩት። የከተማውን ፕላን ዘርግቶ አሳየኝ።

ውሃ ከፋቹ ከኔ ጋር ዳግም መስመር ፍለጋ አልወጡም። ገበያ ላይ ስንገናኝ ቆመው ሰላም ይሉኛል፣ እናቴን ይጠይቁኛል፤ ስለ ውሃ ግን አንድም ቀን አንሥተውብኝ አያውቁም። ከሦስት ዓመት በኋላ ሞቱ። ካምፑ ደግሞ ዓመትም አልሞላው፣ ሰዉ በያለበት ተበተነ፤ አንዳንዱ ወደ ጮሌ፣ አንዳንዱ ወደ ዴራ ዘመድ ፍለጋ ሄደ። አሁን እስካቫተሩ የቆመበት ቦታ ላይ ሰው ይኖር እንደነበር የሚያውቅ እኔ ካልሆንኩ ማንም ያለ አይመስለኝም።

ሳይበተኑ በፊት ግን አንድ ጊዜ ሄጃለሁ። ልነግራት ነበር የሄድኩት፣ ያቺን ሴት። መንገዱን ሙሉ የምላትን በኦሮምኛም በአማርኛም ሳዘጋጅ ነበር፤ ስደርስ ሁለቱም ጠፉብኝ። ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች፣ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው፣ ከጎኗ አንድ ጀሪካን ቆሟል። ገና ከወንዝ መመለሷ ነበር። ካርታውን የሣልኩት እኔ ነኝ አልኳት። ሽማግሌው ተዪው ብለውኝ ነበር፣ እኔ ነኝ የሣልኩት።

ጉልበቷን ይዛ ተነሣች፣ ወደ ውስጥ ገብታ ጣሳ ይዛ ወጣችና ከጀሪካኑ ሞልታ ቀዳችልኝ። እንዴት ልቀበላት። ያ ውሃ ስንት ዳገት እንደወጣ ከፊቴ እያየሁት ነበር። እጄን ወደኋላ ስስብ አየችኝ።

«በእግርሽ ነው የመጣሽው» አለችኝ። «ጠጪ።»

ጠጣሁ። ጭቃ ጭቃ ይላል፣ ጥርስ ያማል ብርዱ። ዓይኗን ከኔ አላነሣችም። ጨርሼ ጣሳውን ስመልስላት በሁለት እጇ ተቀብላ ወደ ውስጡ አየች፤ ከስሩ የቀረችውን ጠብታ፣ ከአትክልቱ ሦስት ያህል የደረቁ ሽንኩርቶች ብቻ ወደቀሩበት ጥግ ሄዳ አንዱ ላይ አንጠፈጠፈቻት።